ስላላለቀ መጽሐፍ መናገር
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዕትም አንባቢያን በአሁኑ ሰዓት እያነበቡት ስላለው መጽሐፍ የሚሰማቸውን እንዲጽፉልን ጠይቀን ነበር። ከሐዋሳና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች ጥቂት አልነበሩም፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ አስተያየት ከመስጠት ይልቅ አስተያየት እንዴት እንደሚሰጥ የሚጠይቁ ሆነው በማግኘታችን የዛሬውን ዓምድ ለእነርሱ ለቀናል። ጸሐፊዎቹ ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ የሚኖሩበትን ክፍለ ከተማ ብቻ ጠቅሰናል፤ የረዘሙትንም ደብዳቤዎች ሐሳባቸውን ሳንነካ አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ «አምስት ጓደኛሞች ሆነን በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ቡና እየጠጣን ስለምናነበው መጽሐፍ እንጫወታለን። በዚህ ወር የመረጥነው ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን ነው። ከእኔ በቀር ሁሉም ከዓመታት በፊት ስላነበቡት ለእነርሱ ድጋሚ ንባብ ነው፤ እኔ ግን ገና ሲሶውን እንኳ አላገባደድኩም። ባለፈው ስንገናኝ አጀማመሩ እንደተንዛዛብኝ ብናገር ‹ሳትጨርስ አትፍረድ› ብለው ዝም አሰኙኝ። ሳይጨርሱ አስተያየት መስጠት በእርግጥ ነውር ነውን?» (ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ነውር አይደለም። ስለ መጽሐፉ አጠቃላይ ብቃት የመጨረሻውን ቃል ለመናገር መጨረስ ያስፈልጋል፤ እስካሁን ባነበቡት ውስጥ ምን እንደገጠመዎት ለመናገር ግን የሚያስፈልገው የደረሱበትን ቦታ ሳይሸሽጉ ማስታወቅ ብቻ ነው። ጓደኞችዎ ዝም ሊያሰኙዎት የቻሉት፣ እንደሚመስለኝ፣ ገና ስላልጨረሱ ሳይሆን «ተንዛዛብኝ» ብለው ስላቆሙ ነው። «በዛብህ ገና ወደ ታሪኩ ሳይገባ የወላጆቹ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ኑሮ ይህን ያህል ገጽ መውሰዱ ለምን እንደሚጠቅም እስካሁን አልታየኝም» ብለው ቢሆን ኖሮ የሚመልስልዎት እንጂ የሚቆጣዎት ሰው ባልተገኘ ነበር።

እንዲያውም መጽሐፍ መካከል ላይ ያለ አንባቢ ለጨረሰ አንባቢ የማይታየው ነገር ይታየዋል። የጨረሰው ሰው በበዛብህ ወላጆች አገር በማንኩሳ የባከነ የሚመስለው ጊዜ በኋላ ምን እንደሚያስከትል ስለሚያውቅ፣ ወላጆቹ ልጃቸውን ለእግዚአብሔር መሳላቸው ያ ልጅ አድጎ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ ሰብለ ወንጌልን ማስተማር ሲጀምር እንዴት ያለ ጭንቅ ውስጥ እንደሚከተው ስለሚያስታውስ፣ የመጀመሪያዎቹን ገጾች የሚያነባቸው በመጨረሻዎቹ ብርሃን ነው። (ርዕሱ ራሱ ፍጻሜውን ስለሚናገር ይህን በመግለጤ ብዙ የበደልኩዎት አይመስለኝም።) ዝግታው ተረስቶታል፤ ለእርስዎ ግን ዛሬ እየሆነ ያለ ነገር ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ አንባቢውን በዚህ ዝግታ ውስጥ ማሳለፋቸው ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ጥያቄ ሊነሣ የሚገባው ደግሞ ዝግታው ገና ያልለቀቀው ሰው ባለበት ጉባኤ ነው። የእኔን ከጠየቁኝ ተገቢ ነበር እላለሁ፤ ስእለቱን ከነቤቱ፣ ከነጎረቤቱና ከነድህነቱ ባናየው ኖሮ በዛብህን የሚያስረው ነገር ደራሲው እንዲመቻቸው ብቻ የፈጠሩት ሰበብ ይመስለን ነበር። ሆኖም እዚያ ያሉት አንዳንድ ገጾች ቢያጥሩ መጽሐፉ ይጎዳ ነበር ብዬ አልምልም።

ሌላም መጣራት ያለበት ነገር አለ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ መተረኩ ይታወቃል፤ ትረካውም ከእጅ ወደ እጅ፣ ከካሴት ወደ ስልክ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ይደመጣል። ስለዚህ «አንብቤዋለሁ» ከሚሉት መካከል በእርግጥ ያደመጡት ብዙዎች ናቸው። ማድመጥ የሚያሳንስ ነገር የለውም፤ ይሁንና ጎበዝ ተራኪ የሚዘገየውን ገጽ በድምፁ ያፈጥነዋል፣ ለፊታውራሪው አንድ ድምፅ ለአሽከሩ ሌላ ድምፅ ይሰጣል፣ አንባቢው ብቻውን ሊሠራው የሚገባውን ሥራ ይሠራለታል። ጓደኞችዎ ስለ መጽሐፉ የሚከራከሩ እየመሰላቸው ስለ ትረካው እየተናገሩ ሊሆን ይችላልና በሚቀጥለው እሑድ በቅድሚያ ማን እንዳነበበው፣ ማን እንደሰማው ጠይቁ። የጉዱ ካሳን አባባል የሚጠቅስ ሰው ካለም፣ ዘመዶቹ እንደ ዕብድ የሚቆጥሩት ያ ሰው ቃሉን የተናገረው ለማንና በምን ሁኔታ ላይ ሆኖ እንደነበር ገጹን ገልጦ እንዲያነብ ይደረግ። ጉዱ ካሳ በየካፌው የሚጠቀሰውን ያህል አይነበብም።

እግረ መንገዴን፣ በንባብ መካከል የሚመጣ አስተያየት በሰዓቱ ካልተጻፈ የሚጠፋ በመሆኑ እርሳስ ከእጅዎ አይለይ። መጽሐፍ በኪራይ ይነበብ በነበረበት ዘመን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ አንድ ልብ ወለድ መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ ሽፋኑ በወፍራም ላስቲክ ተለብጦ በክር ተሰፍቷል። ከአንድ አሳዛኝ ገጽ ኅዳግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «እዚህ ጋ አለቀስኩ» የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ሌላ ሰው በእርሳስ «እኔ ደግሞ ሳቅሁ፤ ምኑ ነው የሚያስለቅሰው?» ብሎ መልሷል። ሦስተኛው ከሁለቱም በደመቀ ቀይ ቀለም «መጽሐፉን አታበላሹ!» ብሎ ጽፎበታል። እነዚህ ሦስት ሰዎች እርስ በርስ ሳይተዋወቁ ያደረጉት ውይይት በብዙ አዳራሾች ውስጥ ከሰማሁት ይሻለኛል፤ ምክንያቱም ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ገጽ ነው። በእርግጥ በሰው መጽሐፍ ላይ አይጻፍም፤ ለዚያ ቁራጭ ወረቀት ይበቃል።

ጥያቄ፦ «‹አደፍርስ›ን ደጋግሜ ጀምሬ ደጋግሜ ተውኩት። ሰው ሲጠይቀኝ ‹ከባድ ነው› እላለሁ እንጂ ‹አልወደድኩትም› ለማለት አልደፍርም፤ ምሁራን የሚያደንቁት መጽሐፍ ስለሆነ አላዋቂ እንዳልባል እሰጋለሁ።» (ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አልወደድኩትም ማለት ይችላሉ፤ የት ላይ እንዳቆሙ አብረው ይናገሩ እንጂ። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ የሚያስቸግረው አንባቢው ስላልተማረ አይደለም። ደራሲው ታሪኩን እጅ እየያዙ አይነግሩም፤ ገጸ ባሕርያቱ በየራሳቸው አነጋገር ረዘም አድርገው ይከራከራሉ፣ የገጠሩ ቃላት ሳይፈቱ ይመጣሉ፣ ማን እየተናገረ እንደሆነ ለማወቅ መመለስ ያስፈልጋል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ሆን ተብሎ መደረጉ ግን እርስዎ እንዲወዱት አያስገድድም። አንድ ነገር ብቻ ልጠቁምዎ፦ በዓይን ሲነበብ የሚታክተው ንግግር ሁለት ሰዎች እየተቀባበሉ ድምፅ አውጥተው ሲያነቡት ይፈታል። ከዚያ በኋላም ካልጣመዎት ደጋግመው መተውዎን አይፈሩበት።

ጥያቄ፦ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ‹ኦሮማይ›ን መርጠን እያነበብን ሳለ የመጽሐፉን ሩብ እንኳ ሳንነካ ውይይታችን ወደ ፖለቲካ ይገባና በጭቅጭቅ ይበተናል። መጽሐፉን እንቀይር የሚሉ በርትተዋል። ምን ይመክሩናል?» (ከመሀል ከተማ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አትቀይሩት። ችግሩ መጽሐፉ ላይ የመጣው ከመከፈቱ በፊት ነው። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበ፣ ደራሲው በዓሉ ግርማም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ የቀረበት መጽሐፍ በመሆኑ፣ ያላነበበውም ሰው ስለ እርሱ የሚናገረው አለው። የመጽሐፉ ዕጣ ፈንታ መጽሐፉን ውጦታል ማለት ይቻላል። እናንተም ያጋጠማችሁ ይኸው ይመስለኛል፤ የምትከራከሩት ስለ ዘመኑና ስለ ደራሲው መጨረሻ ሆኖ ሳለ ጠረጴዛው ላይ የተዘጋ መጽሐፍ አለ።

ፖለቲካውን ማውጣት ግን አይቻልም፣ አይገባምም። ተራኪው ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ አሥመራ የሚሄደው ደርግ በኤርትራ ላካሄደው ለቀይ ኮከብ ዘመቻ የፕሮፓጋንዳ ሥራ ነው፤ ዘመቻውም በእርግጥ የተደረገ ነው። ፖለቲካው ከሌለ ታሪኩ የለም። የሚቻለው ቅደም ተከተል ማበጀት ነው። መጀመሪያ፣ የሚናገር ሰው ሁሉ ከአንድ ገጽ ይነሣ፤ ወደ ውጭ የሚወጣም ካለ ያወጣውን ገጽ ያሳይ። እንዲህ ሲሆን ጭቅጭቁ ባይቀርም እግር ይኖረዋል። ለመነሻ የሚሆን ጥያቄ ልስጣችሁ፦ ጸጋዬ ለሕዝብ የሚያሰራጨውን ነገር እርሱ ራሱ ያምንበታልን? በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አሥመራን የሚገልጽበትን ቋንቋና እዚያ ካፈቀራት ከፊያሜታ ጋር ከተዋወቀ በኋላ የሚገልጽበትን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ተመልከቱ፤ ለውጡ የመጣው ከፍቅሩ ነው ወይስ ከዘመቻው መልሱ አንድ አይሆንላችሁም። እኔ ለምሳሌ ፊያሜታ ከራሷ ይልቅ ለጸጋዬ ስሜት ማሳያ ሆና የምታገለግልባቸው ቦታዎች እንደሚበዙ ይሰማኛል፤ ይህን በመናገሬ ከበዓሉ ወዳጆች ጋር ስከራከር ኖሬአለሁ፣ እናንተም ተከራከሩበት።

ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚያባክነው «ይህ ባለሥልጣን በእውኑ ዓለም እገሌ ነው» የሚለው የግምት ጨዋታ ነው። ደስ የሚል ጨዋታ መሆኑን አልክድም፤ ግን መጽሐፉ እስኪያልቅ ይቆይ። ሥራው በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በውጭ አገር ስለታተመ አሥመራንም አዲስ አበባንም የማያውቅ ሰው እያነበበው ነው። ያ ሰው ማን ማን እንደሆነ ሳይገምት ምን ያገኝበት ይሆን ብላችሁ ብትጠይቁ ወደ ገጹ ትመለሳላችሁ።

ጥያቄ፦ «መምህር ነኝ። ለብዙ ዓመት አብሮኝ የሠራ ባልደረባዬ በራሱ ገንዘብ ልብ ወለድ አሳትሞ አንድ ቅጂ ፈርሞ ሰጠኝ። አሁን እያነበብኩት ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደካማ ሥራ ነው። በየቀኑ መምህራን ማረፊያ ክፍል ስንገናኝ ‹የት ደረስክ?› ይለኛል። የምረቃው ዕለትም ንግግር እንዳደርግ ጠይቆኛል። ብዋሽ ኅሊናዬ፣ ባልዋሽ ወዳጄ ይጎዳል።» (ከምሥራቅ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በተለያየ አቀራረብ ከብዙ አንባቢ ደርሶናል፤ በአገራችን ደራሲው ራሱ አሳታሚ፣ ራሱ አከፋፋይ፣ አንዳንዴም ራሱ አዟሪ በመሆኑ መጽሐፉን የምናገኘው ከመጽሐፍ መደብር ሳይሆን ከጓደኛ እጅ ነው። ጓደኛዎ ምናልባት ለማተሚያ ቤት ተበድሯል፤ ያልተሸጠው ቅጂም በካርቶን እንደታሸገ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተደርድሮ ይሆናል። በዚህ ሰዓት «ደካማ ነው» የሚል አስተያየት ምን ያደርግለታል? ከመታተሙ በፊት ቢጠይቅዎት ኖሮ ሁሉንም በግልጽ መንገር ግዴታዎ ነበር፤ አሁን ግን የሚለወጥ ገጽ የለም።

መዋሸትም አያስፈልግዎትም። ለ«የት ደረስክ?» ጥያቄ ደራሲ የሚጠብቀው መልስ አድናቆት ብቻ አይደለም፤ በእርግጥ እየተነበበ መሆኑን ማወቅም ነው። የደረሱበትን ምዕራፍ ስምና እዚያ ያለውን ሰው አንሥተው አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «ይህች ሴትዮ ከባሏ ቤት የወጣችው ስለ ርስቱ ነው ወይስ ስለ ልጁ?» ግልጽ ካልሆነ ግልጽ እንዳልሆነ እርሱ ራሱ ይረዳል። በጣም ደካማ በሆነ መጽሐፍ ውስጥ እንኳ ደራሲው በዓይኑ ያየውን ነገር የጻፈበት አንድ ገጽ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ የልጅነት ሰፈሩን ወይም የእናቱን ጓዳ የሚገልጽበት ቦታ ነው። ያንን ገጽ ፈልገው ያግኙ። በምረቃው ዕለት እርሱን አንብበው፣ ለምን እንደያዘዎት ተናግረው ይቀመጡ። ንግግርዎ አጭር ስለሚሆን ታዳሚውም ያመሰግንዎታል፤ በመጽሐፍ ምረቃ ላይ ስለ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ከጥንት ጀምሮ የሚተርኩ ተናጋሪዎችን የማያውቅ የለም።

ድክመቱን ደግሞ ለሁለታችሁ ብቻ በሆነ ቦታ፣ ምረቃው ካለፈ በኋላ፣ የሚቀጥለውን ሥራውን ምን ሊያደርገው እንዳሰበ ሲጠይቁት ይንገሩት። ያገኟቸውን የፊደል ግድፈቶች፣ የተደጋገሙ አንቀጾችና የተቀያየሩ ስሞች ከነገጻቸው ጽፈው ቢሰጡት ለሁለተኛ ዕትም የሚጠቅም ስጦታ ነው። ይህን ያህል ተቀምጦ ያነበበለት ሰው እንዳላገኘ እገምታለሁ።

ጥያቄ፦ «የቴሌግራም ቡድን አለን፤ የምናነበውን መጽሐፍ ፒዲኤፍ አንዱ ያመጣና ሁላችንም አውርደን እንወያያለን። የመጽሐፍ ዋጋ ስለማይቀመስ ሌላ አማራጭ የለንም። አንድ አባላችን ሕገ ወጥ ነው ብሎ ወጣ። እውነት ነው?» (ከአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አባላችሁ ትክክል ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ስለሆነ «ፍቅር እስከ መቃብር» እንኳ እስከ 2046 ዓ.ም. ባለቤት አለው ማለት ነው፤ በሕይወት ያሉ ደራሲያን ሥራማ ጭራሽ አይነሣም። ለውይይት ሲባል የደራሲውንና የመጽሐፉን ስም ጠቅሶ አንድ አንቀጽ መጥቀስ ግን የተፈቀደ ነው፤ ለምታደርጉትም ነገር የሚበቃው እርሱ ነው።

ከሕጉ ሌላ የሚታይ ችግር አለ። እነዚህ ፒዲኤፎች ብዙ ጊዜ በስልክ እየተነሡ የተሰበሰቡ በመሆናቸው ገጽ ይጎድላቸዋል ወይም ገጹ ተቀያይሮ ይገባል፤ አንድ ሰው ያልገባው ነገር የደራሲው ጥፋት ይሁን የፎቶው ሳይታወቅ ክርክር ይጀመራል። ዋጋው የማይቀመስ መሆኑን አልክድም፤ ወረቀት በውጭ ምንዛሬ የሚገባ ስለሆነ ቶሎ ይረክሳል ብዬም አላጽናናችሁም። ሦስት ሰው አዋጥቶ አንድ ቅጂ ቢገዛና በሳምንት ተራ ቢያነበው፣ ያልደረሰበት ሰውም ያልደረሰበት መሆኑን ተናግሮ በውይይቱ ቢገኝ፣ ቡድኑ እስካሁን ከነበረው የሚቀንስ ነገር አይኖርም። ፒያሳ አካባቢ መጽሐፍ ክንዳቸው ላይ ደርድረው ካፌ ለካፌ የሚዞሩትን አዟሪዎችም አትለፏቸው፤ ያገለገለ ቅጂ አፈላልጉልኝ ካላችኋቸው ያመጣሉ፣ መከራከርም ይቻላል። የተለያየ ዘመን ዕትም ከያዛችሁ የገጽ ቁጥራችሁ ስለማይገጥም በምዕራፍ ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ «ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ማንበብ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው፤ ዛሬም ጣቴን ከመስመሩ ላይ አላነሣም። ልጆቹ ያነበቡትን ይሰጡኝና ‹አያቴ፣ እንዴት አየሽው?› ይሉኛል። እነርሱ አንድ መጽሐፍ ሲጨርሱ እኔ ገና ጥቂት ገጽ ላይ ነኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?» (ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እናታችን፣ ደብዳቤዎ ከሁሉም በላይ አስደስቶናል። በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው በዚያ ዘመቻ ፊደል የቆጠሩና ንባብን እስከ ዛሬ ያልተዉ ሰው ሊያፍሩ አይገባም። ልጆቹ የሚጠይቁዎት እንዲጨርሱላቸው ሳይሆን እነርሱ የማያውቁትን ስለሚያውቁ ነው። መጽሐፉ ውስጥ ሠርግ ወይም ለቅሶ፣ የእንሰት ፍቀት ወይም የቤት ጣጣ ተጽፎ ሲያገኙ «እንዲህ አይደረግም፤ ይህን የጻፈው ሰው አላየውም» ወይም «ልክ ነው፣ በእኛም ቤት እንዲሁ ነበር» ቢሏቸው ይህ ራሱ ሙሉ አስተያየት ነው። ብዙ ወጣት ደራሲያን እንዲህ ያለ አንባቢ አይተርፋቸውም። ቡናው እስኪፈላ ድረስ የልጅ ልጅዎ ድምፅ አውጥታ ታንብብልዎ፤ እርስዎ ሲያስቆሟት ታቁም። ጣትዎንም ከመስመሩ ላይ አያንሡ።

ጥያቄ፦ «በቡድናችን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲዳምኛ የሆኑ አባላት አሉ፤ አማርኛውን በደንብ ያነባሉ፣ አስተያየት ሲሰጡ ግን በአማርኛ ይቆጠባሉ። ደግሞም አሁን የያዝነው የትርጉም ሥራ ስለሆነ፣ ያልጣመንን ነገር ስንነቅፍ ደራሲውን ነው ወይስ ተርጓሚውን የምንነቅፈው?» (ከባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ለመጀመሪያው፦ በሲዳምኛ ይናገሩ፣ የሚችል ሰው ለቀሩት ይመልስ። የተነበበበት ቋንቋና የሚወራበት ቋንቋ አንድ መሆን የለበትም፤ ሰው ሲደነቅም ሲናደድም በሚቀርበው ቋንቋ ሲናገር ነው የሚያስቀው ነገር የሚያስቅ የሚሆነው።

ለሁለተኛው መልሱ እንደ ነቀፋው ዓይነት ይለያያል። ታሪኩ፣ የሰዎቹ ጠባይና አወቃቀሩ የደራሲው ነው። የዓረፍተ ነገሩ አረማመድ፣ የቀልዱ መምታትና አለመምታት፣ ገጸ ባሕርያቱ አንተና አንቱ የሚባባሉበት መንገድ ደግሞ የተርጓሚው ነው፤ መጽሐፉ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ከሆነ፣ እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ ቃል ስለሚጠራቸው ማን ለማን አንቱ እንደሚል የወሰነው ተርጓሚው ብቻ ነውና እዚያ ላይ ማመስገንም መንቀፍም ያለባችሁ እርሱን ነው። በአገራችን ተርጓሚ የሚከፍለውን ዋጋ ለማስታወስ ያህል፣ ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቸልን «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጎመው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነበር። እንዲህ ተደክሞበት የመጣ ሥራ ላይ ሲናገሩ የተርጓሚውን ስም አለመጥራት ይከብዳል፤ ሆኖም በየውይይቱ የሚዘለለው የእርሱ ስም ነው።

ጥያቄ፦ «የዓምዱ አዘጋጅስ አሁን ምን እያነበቡ ነው? እኛን እንደሚያዝዙን የደረሱበትን ቦታ ጭምር ቢነግሩን።» (ከቱላ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ትንሽ መጽሐፍ። ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ካነበብኩት በኋላ ዘንድሮ ገና መመለሴ ነው። የደረስኩት ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር መንትያ ወንድሟን ዋሕድን ፍለጋ ከወጣችበት ቦታ ላይ ነው። እስካሁን ባነበብኩት የአጋጣሚው ብዛት ያስቸግረኛል፤ ሰዎቹ ሲጠፋፉም ሲገናኙም ምክንያቱ ከእነርሱ ጠባይ አይመነጭም፣ ደራሲው እንደፈለጉ ያዛውሯቸዋል። የስሜት ገለጻውም በዝቶብኛል፤ አንድ እንባ የሚበቃበት ቦታ ላይ ጎርፍ ይወርዳል። አማርኛው ግን አሁንም አልጃጀም። አንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ገጽ ድረስ እየተጠማዘዘ ሄዶ ማሠሪያ አንቀጹ ላይ ሲደርስ አንድም ነገር ሳይንጠለጠል ይቀራል፤ ዛሬ እንዲህ ሲጻፍ ብዙ አላይም። ጦቢያ ወንድ መስላ የምትኖርበትን ነገር ደራሲው ለመደበቂያ ብቻ ተጠቅመውበት ያልፉታል ወይስ በእርሷ ላይ የሚያመጣው ለውጥ አለ የሚለውን ቀጥሎ ያሉት ገጾች ይነግሩኛል። የትምህርት ቤት ትዝታዬ ያልፉታል ይለኛል፤ ግን ያኔ ያነበብኩት ለፈተና ስለነበር አላምነውም።